ረቂቅ የወርቅ ቅንጣት በሕክምና ምርመራ፥ የከተማም ንጽሕና

(የካምፓላን ከተማ ምሳሌ አድርጎ ለከተማ ነዋሪዎችና ለአስተዳደር ሠራተኞች የተሰናዳ ንግግር፤ በውስጡ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።)



የሰው ልጅ ለኑሮው የሚረዳውን አዲስ መሣሪያ ባገኘ ቍጥር ሁለት ነገሮችን አብሮ እንደሚያገኝ የታወቀ ነው፤ ይኸውም አንደኛው ጥቅሙ፥ ሁለተኛው ትራፊው ነው። ጥቅሙን ለመቀበል የሚቸኵል ሰው ብዙ ነው፤ ትራፊው የት እንደሚወድቅ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ከተማን ማስተዳደር ማለትም ከፍ ባለው ክፍል ይህን ሁለተኛውን ጥያቄ በጊዜው መጠየቅና መልስ መስጠት ነው።

የዚህ ንግግር ርእስ በዐይን የማይታይ፥ ሥራው ግን በየጤና ጣቢያው በየቀኑ የሚታይ ነገር ነው። ደም ከጣት ጫፍ ተወስዶ በትንሽ የመመርመሪያ ወረቀት ላይ ሲንጠባጠብ፥ ከጥቂት ደቂቃዎች በኋላ ቀይ መስመር ብቅ የሚል መሆኑን ብዙ ሰው አይቷል። ያ ቀይ መስመር ብዙ ጊዜ የወርቅ መስመር መሆኑን የሚያውቅ ግን ብዙ አይደለም። ስለዚህ ይህ ወርቅ ምን እንደሚሠራ፥ ከሥራው በኋላም ወዴት እንደሚሄድ፥ ለውሃና ለአፈር፥ ለሰውና ለእንስሳ የሚያሰጋ ነው ወይስ አይደለም የሚለውን በሥርዐቱ መመርመር ይገባል።

ረቂቅ ቅንጣት ምንድን ነው?

ሊቃውንት እንዲህ ያለውን ነገር ናኖ ቅንጣት ይሉታል። ናኖ ማለት ከግሪክ ቋንቋ የመጣ ቃል ሲሆን ትርጓሜው ድንክ ማለት ነው። አንድ ሜትር ለ1,000,000,000 ቢካፈል አንዱ ድርሻ ናኖሜትር ይባላል። ናኖ ቅንጣት የሚባለውም ስፋቱ ከ1 እስከ 100 ናኖሜትር የሚደርሰው ነው። የሰው ጠጕር ውፍረት 80,000 ናኖሜትር ያህል ሲሆን፥ በመመርመሪያው ወረቀት ላይ ያለው የወርቅ ቅንጣት 40 ናኖሜትር ያህል ቢሆን፥ 2,000 ቅንጣቶች ጎን ለጎን ቢሰለፉ የአንዲት ጠጕር ውፍረት ያህላሉ ማለት ነው።

አንድ ነገር ይህን ያህል ሲደቅ ጠባዩ ይለወጣል። ወርቅ በቀለበትና በመስቀል ላይ ቢጫ ሆኖ ይታያል፤ በኬሚስትሪ ጥበብ ደቅቆ በውሃ ውስጥ ሲበተን ግን እንደ ወይን ጠጅ ይቀላል። ምክንያቱም ደቃቁ ወርቅ አረንጓዴውን ብርሃን ውጦ ቀዩን ስለሚያሳልፍ ነው። የእንግሊዝ አገር ሊቅ ማይክል ፋራዴይ በ1857 በለንደን ለሮያል ሶሳይቲ ባቀረበው ንግግር ይህን ቀይ ፈሳሽ ገልጾ፥ ቀለሙ የወርቁ ደቃቅነት ውጤት መሆኑን አስረድቷል። ከእርሱም በፊት የመስተዋት ሠሪዎች ምክንያቱን ሳያውቁ ወርቅ እየጨመሩ ቀይ መስተዋት ይሠሩ ነበር።

ለሕክምና የጠቀመውም ይኸው ቀለም ነው። የሰውም ሆነ የእንስሳ ሰውነት የሚዋጋውን ጠላት ለይቶ የሚይዝበት ፀረ አካል የሚባል ፕሮቲን አለው። ለእያንዳንዱ በር የራሱ ቁልፍ እንዳለው ሁሉ፥ ለእያንዳንዱ የበሽታ ምልክትም የራሱ ፀረ አካል አለ። ፋብሪካው ይህን ፀረ አካል በወርቁ ቅንጣት ዙሪያ ይለብጠውና በመመርመሪያው ወረቀት መነሻ ላይ ያደርቀዋል። ደሙ ወይም ሌላው ፈሳሽ በወረቀቱ ላይ ሲጓዝ የደረቀውን ወርቅ አንሥቶ ይሄዳል። በፈሳሹ ውስጥ የበሽታው ምልክት ካለ ከወርቁ ጋር ይጣበቃል፤ መንገዱ መካከልም ሌላ ፀረ አካል በመስመር ተተክሎ ስለሚጠብቀው ተይዞ ይቀራል። አንዱ ቅንጣት አይታይም፤ እጅግ ብዙ ቅንጣቶች በአንድ መስመር ሲከማቹ ግን ቀይ ሆነው ለዐይን ይገለጣሉ። ከዚያ ወዲያ ያለው ሁለተኛው መስመር ወረቀቱ ሥራውን በደንብ መሥራቱን ብቻ የሚመሰክር ነው፤ እርሱ ያልታየበት ምርመራ ዋጋ የለውም።

የካምፓላ ምሳሌ

የዑጋንዳ ዋና ከተማ ካምፓላ ለዚህ ጕዳይ ጥሩ ምሳሌ የምትሆነው፥ የምርመራ ጥበብ በዚያ አገር ረዥም ታሪክ ስላለው ነው። ሚሲዮናዊው ሐኪም አልበርት ኩክ በ1897 የሜንጎን ሐኪም ቤት አቋቋመ። በ1901 እርሱና ወንድሙ ጃክ ኩክ የእንቅልፍ በሽታ የያዛቸው ሰዎች መኖራቸውን አስታወቁ፤ ያ በሽታ ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት በቪክቶርያ ሐይቅ ዳርቻ እጅግ ብዙ ሕዝብ ፈጀ። በ1902 እና በ1903 በኢንቴቤ የተሰማሩ ሊቃውንት ከሕሙማን አከርካሪ የተወሰደውን ፈሳሽ በማይክሮስኮፕ መርምረው የበሽታውን ተሕዋስ አገኙ። የሙላጎ ሐኪም ቤት በ1913 ተመሠረተ፤ በ1924 የማኬሬሬ ሕክምና ትምህርት ቤት ተከፈተ፤ አዲሱም የሙላጎ ሕንፃ በ1962 ተመረቀ።

ከዚያ ዘመን ወዲህ በሙላጎ ኰረብታ ላይ ሐኪሞችን እጅግ ያስጨነቀ ሌላ በሽታ መጣ። ይህም ክሪፕቶኮከስ የሚባለው ሻጋታ መሰል ተሕዋስ የሚያመጣው የማጅራት ገትር በሽታ ነው። ተሕዋሱ በአፈርና በርግብ ኵስ ውስጥ የሚገኝ ሲሆን፥ ጤነኛ ሰው ቢተነፍሰው አብዛኛውን ጊዜ አይጐዳውም። በኤች አይ ቪ ምክንያት የመከላከል ኀይሉ የደከመውን ሰው ግን ወደ አንጎሉ ሽፋን ዘልቆ ይገድለዋል። በሽተኛው በራስ ምታት ተይዞ ይመጣል፤ ራስ ምታትም የብዙ በሽታ ምልክት ስለሆነ በጊዜው ሳይታወቅ የሚሞተው ብዙ ነበር።

የቀድሞው ምርመራ የአከርካሪውን ፈሳሽ የህንድ ቀለም ከሚባለው ጥቍር ቀለም ጋር ቀላቅሎ በማይክሮስኮፕ ማየት ነበር። ይህም የሠለጠነ ዐይን፥ ጥሩ መሣሪያና ጊዜ ይጠይቃል። በወርቅ ቅንጣት የሚሠራው የመመርመሪያ ወረቀት በወጣ ጊዜ ግን፥ የማኬሬሬ ዩኒቨርሲቲ ሐኪሞች ከአሜሪካና ከደቡብ አፍሪካ ባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው አዲሱን ከአሮጌው ጋር አመዛዘኑ። ውጤቱ በ2014 ታትሞ ወጣ። በዑጋንዳና በደቡብ አፍሪካ 832 ሰዎች ተመርምረው፥ አዲሱ ወረቀት ከ100 ሕሙማን ከ99 የማያንሱትን ለይቶ ሲያገኝ፥ የህንድ ቀለሙ ምርመራ 86 ያህሉን ብቻ አገኘ። በሽታው የሌለባቸውንም ሰዎች አዲሱ ወረቀት ከ100 ከ99 በላይ የሆኑትን በትክክል ነፃ አደረጋቸው። ከዚህም ሌላ፥ በወረቀቱ ላይ የተያዘው ወርቅ በሌዘር ብርሃን ሲመታ የሚሰጠው ሙቀት ቢለካ፥ የበሽታው ምልክት ብዙ ነው ወይስ ጥቂት ነው የሚለውን ለመገመት እንደሚቻል ያው ጥናት አሳይቷል።

ነገሩ በዚህ አያበቃም። በ2002 የታተመ ሌላ የዑጋንዳ ጥናት እንዳመለከተው፥ የበሽታው ምልክት በደም ውስጥ የሚታየው ሰውየው ገና ራስ ምታት ሳይሰማው፥ በመካከለኛ ግምት ከ22 ቀን በፊት ነው። ሦስት ሳምንት ለአንድ ሰው ሕይወት ሰፊ ጊዜ ነው። በዚያ ጊዜ ውስጥ ደሙ በመመርመሪያ ወረቀት ቢታይና መድኀኒት ቢጀመርለት፥ በአልጋ ላይ ሳይወድቅ ሊድን ይችላል። የዓለም የጤና ድርጅትም ይህን ዐይነት ምርመራ በ2011 ባወጣው ምክሩ ደግፎታል። እንግዲህ ስለ ረቂቅ ቅንጣት ጕዳት ሲነገር፥ በሚዛኑ በሌላው ወገን የሰው ነፍስ መኖሩ ሊዘነጋ አይገባም።

ቅንጣቱ የማያውቀው

ሆኖም ወርቁ የሚያሳይ እንጂ የሚያውቅ አይደለም። የሚያውቀው በላዩ የተለበጠው ፀረ አካል ነው፤ ፀረ አካሉ የሚፈልገው ምልክት ከጠፋ ወርቁም ዝም ይላል። ለዚህም በኢትዮጵያና በኤርትራ የደረሰው ነገር ምስክር ነው። አብዛኛው የወባ መመርመሪያ ወረቀት የሚፈልገው ኤች አር ፒ ሁለት የሚባለውን የወባ ተሕዋስ ፕሮቲን ነው። ይህን ፕሮቲን የማይሠራ የወባ ዝርያ እየበዛ በመምጣቱ ኤርትራ በ2016 የምትጠቀምበትን መመርመሪያ ለወጠች። በኢትዮጵያም በ2017 እና በ2018 ከኤርትራ፥ ከሱዳንና ከደቡብ ሱዳን ጋር በሚያዋስኑ አገሮች ከ12,000 በላይ ሰዎች ተመርምረው፥ ከቀንደኛው የወባ ዐይነት ሕሙማን ከ100 ወደ 10 የሚጠጉት በዚህ ምክንያት ከምርመራው ሊያመልጡ እንደሚችሉ ታወቀ። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት፥ ቀይ መስመር አልታየም ተብሎ በሽተኛው ብቻውን እንዳይሰናበት፥ ማይክሮስኮፑና የሠለጠነው መርማሪ ከጤና ጣቢያው ፈጽሞ እንዳይወጡ ነው።

ቅንጣቱ ይጐዳልን?

ወደ ዋናው ጥያቄ ሲመጣ፥ ረቂቅ ቅንጣት ሁሉ አንድ ነው ብሎ መፍረድ ስሕተት ነው። እንደየማዕድኑ ዐይነትና እንዳለበት ሁኔታ መለየት ይገባል።

ወርቅ የማይዝግ፥ ከሌላ ነገር ጋር በቀላሉ የማይዋሐድ ማዕድን ነው። በአንድ የመመርመሪያ ወረቀት ላይ ያለው ወርቅም ከ1 ሚሊግራም እጅግ ያነሰ ነው፤ እርሱም በወረቀቱ ላይ ደርቆና ተይዞ ይቀራል እንጂ እንደ ዐቧራ አይበንም። ስለዚህ በሙላጎም ሆነ በሌላ ስፍራ ከሚጣለው የመመርመሪያ ኪት ውስጥ የወርቁ ቅንጣት ከሁሉ የሚያንሰው ሥጋት ነው።

የብር ማዕድን ግን እንደዚያ አይደለም። በአንዳንድ የምርመራ ዐይነት ቀለሙን ለማጕላት፥ በቍስል መሸፈኛና በልብስ ላይም ተሕዋስን ለመግደል የብር ረቂቅ ቅንጣት ይገባበታል። የብር ቅንጣት በውሃ ውስጥ ቀስ በቀስ እየሟሟ የሚያወጣው ብር የሚገድለው የበሽታውን ተሕዋስ ብቻ አይደለም፤ የውሃ ሽበትንና ዓሣ የሚመገባቸውን ጥቃቅን የውሃ ነፍሳትም ይጐዳል። በፍሳሽ ማጣሪያ ውስጥ ካለፈ ግን አብዛኛው ከድኝ ጋር ተዋሕዶ ጕዳቱ ይቀንሳል፥ ከዝቃጩም ጋር ይቀራል። ስለዚህ ያው ቅንጣት በማጣሪያ አልፎ ሲሄድና በክፍት ቦይ በቀጥታ ሐይቅ ሲገባ አንድ አይደለም።

ሦስተኛው፥ ብርሃን ሲመታቸው በልዩ ልዩ ቀለም የሚያበሩ ኳንተም ዶት የሚባሉት ቅንጣቶች ናቸው። ከእነዚህ አንዳንዶቹ ካድሚየም የሚባለው መርዘኛ ማዕድን አለባቸው። ሽፋናቸው ከተሰነጠቀ ካድሚየሙ ይወጣል፤ ካድሚየምም በአፈር ውስጥ ለረዥም ዘመን የሚቈይ፥ በእህል በኩል ወደ ሰው ሰውነት ገብቶ ኩላሊትን የሚጐዳ ነው። አራተኛው የብረት ቅንጣት ሲሆን፥ በማግኔት ኀይል የሰውነትን ውስጥ በሚያሳየው መሣሪያ ለምርመራ በደም ሥር ይሰጣል፤ ሰውነትም ፈትቶ ለደም ሥራ ይጠቀምበታል። አምስተኛ፥ በፋብሪካና በላቦራቶሪ ደረቅ ቅንጣት የሚይዝ ሠራተኛ ዐቧራው ወደ ሳንባው እንዳይገባ መጠንቀቅ አለበት፤ የዓለም የጤና ድርጅትም በ2017 ስለ ሠራተኞች ጥበቃ መመሪያ አውጥቷል።

ከዚህ እንደሚታየው፥ አደጋው የሚለካው በቅንጣቱ ትንሽነት ብቻ ሳይሆን ከምን እንደ ተሠራ፥ ተጣብቆ ያለ ወይም ነፃ የወጣ እንደ ሆነ፥ ወዴትም እንደሚፈስ በመመልከት ነው። ይህን የሚያውቅ አስተዳደር ያለ ምክንያት አይፈራም፤ ያለ ምክንያትም አይዘናጋም።

ከወርቁ የሚከብደው ትራፊ

ከወርቁ ይልቅ የሚከብደው ወርቁን የተሸከመው ነው። አንድ የመመርመሪያ ኪት ከወረቀቱ ሌላ የፕላስቲክ ማቀፊያ፥ የጣት መውጊያ መርፌ፥ ትንሽ የፕላስቲክ ጠርሙስ ከነፈሳሹ፥ ማሸጊያና የሰው ደም አለበት። በብዙዎቹ ፈሳሾች ውስጥ እንዳይበላሹ ሶዲየም አዛይድ የሚባል መርዘኛ ኬሚካል በጥቂቱ ይጨመራል፤ ይህም በብዛት በመዳብ ወይም በእርሳስ ቧንቧ ውስጥ ሲፈስ ሊፈነዳ የሚችል ነገር ይፈጥራል።

የዓለም የጤና ድርጅት በ2022 መጀመሪያ ባወጣው መግለጫ፥ ለኮቪድ ወረርሽኝ የተላኩት ከ140 ሚሊዮን በላይ የመመርመሪያ ኪቶች 2,600 ቶን ያህል አብዛኛው ፕላስቲክ የሆነ ቈሻሻና 731,000 ሊትር የኬሚካል ፈሳሽ ሊያስከትሉ እንደሚችሉ ገልጿል። በዚያው መግለጫ፥ በጣም ባላደጉ አገሮች ከ100 የጤና ድርጅቶች 60 የሚሆኑት በዚያን ጊዜ የነበረባቸውን ቈሻሻ እንኳ በሚገባ ለመያዝ መሣሪያ እንዳልነበራቸው ተመልክቷል። እንግዲህ አንድ ኪት ቀላል ነው፤ ብዙ ሚሊዮን ሲሆን ግን ከባድ ጭነት ነው።

ብዙ ሰው ለዚህ ሁሉ መድኀኒቱ እሳት ነው ይላል። እሳት የበሽታውን ተሕዋስ እንደሚያጠፋ እውነት ነው፤ ማዕድንን ግን አያጠፋም። ወርቁም፥ ብሩም፥ ካድሚየሙም ከፊሉ በዐመዱ፥ ከፊሉ በጢሱ ውስጥ ይቀራል። ይልቁንም ክሎሪን ያለበት ፕላስቲክ በጓሮ ጕድጓድ በደካማ እሳት ሲነድ ዳይኦክሲን የሚባለው ክፉ መርዝ ይወጣል። ይህን መርዝ ለመቀነስ መንግሥታት በ2001 የስቶክሆልምን ስምምነት ተፈራርመዋል። በትክክል የተሠራ የማቃጠያ ምድጃ ሙቀቱ ከ850 እስከ 1,100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ደርሶ ጢሱም የሚጣራ መሆን አለበት። በእንፋሎት ኀይል ተሕዋስን የሚገድለው መሣሪያ ለደም ለነካው ነገር ከጓሮ እሳት የተሻለ ነው፤ እርሱም ቢሆን ኬሚካሉንና ማዕድኑን እንደማያስወግድ መታወቅ ይገባዋል።

ኰረብታው፥ ቦዩና ሐይቁ

ካምፓላ በኰረብታዎች ላይ የተሠራች ከተማ ናት። በኰረብታው ላይ የተጣለው ነገር በዝናም ጊዜ ወደ ሸለቆ ይወርዳል፤ ከሸለቆውም ናኪቩቦ የሚባለው ቦይ ተቀብሎ የከተማዋን ጐርፍና ፍሳሽ በናኪቩቦ ረግረግ በኩል ወደ ቪክቶርያ ሐይቅ፥ መርቺሰን ወደሚባለው ወሽመጥ ያደርሳል። በዚያው ወሽመጥ፥ ከቦዩ አፍ ጥቂት ኪሎ ሜትር ራቅ ብሎ፥ ለከተማዋ ሕዝብ የመጠጥ ውሃ የሚሳብበት የጋባ ማጣሪያ ይገኛል። ከተማዋ የምትጠጣው የምታፈስበትን ውሃ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። በቡጎሎቢ የፍሳሽ ማጣሪያ ተሠርቷል፤ ይሁን እንጂ አብዛኛው ነዋሪ ከፍሳሽ ቧንቧው ጋር ያልተገናኘ ነው። ዳንግል የሞላበት ረግረግ ለዘመናት ያለ ደመወዝ ሲያጣራ የኖረ ሠራተኛ ነው፤ ቤትና እርሻ በገፋው መጠን ግን የማጣራት ኀይሉ ይደክማል።

ደረቁን ቈሻሻ በተመለከተም መራራ ትምህርት ተገኝቷል። ከ1996 ጀምሮ የካምፓላ ቈሻሻ ይከመርበት የነበረው የኪቴዚ ስፍራ ከመጠኑ በላይ ተከምሮ ሳለ፥ ነሐሴ በገባ በአራተኛው ቀን፥ ማለት ኦገስት 10 ቀን 2024፥ ከዝናም በኋላ ተንዶ ከ30 በላይ ሰዎችን ቀብሮ ገደለ። ይህ ለኢትዮጵያ ሕዝብ እንግዳ ወሬ አይደለም፤ በአዲስ አበባ ቆሼ በሚባለው ስፍራ ማርች 11 ቀን 2017 ተራራ ያህል የተከመረው ቈሻሻ ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች ሞተዋል። በሁለቱም ስፍራ የሞቱት በክምሩ አጠገብ የሚኖሩና ከክምሩ እየለቀሙ የሚተዳደሩ ድኾች ነበሩ። በየትም ከተማ የተወጋ መርፌ ወይም ደም የነካ ኪት ከቤት ቈሻሻ ጋር ተቀላቅሎ ሲጣል፥ መጀመሪያ የሚያገኘው የእነዚህ ለቃሚዎች እጅ ነው። እንግዲህ የትራፊው ጕዳይ የውሃና የአፈር ጕዳይ ብቻ ሳይሆን የፍትሕም ጕዳይ ነው፤ በምርመራው የዳነው አንዱ፥ በትራፊው የሚጐዳው ሌላው ሊሆን አይገባምና።

መደረግ የሚገባው

ሕግ በኩል ዑጋንዳ አልዘገየችም። በ2019 የአካባቢ ጥበቃ ሕግ፥ በ2020 ደግሞ የቈሻሻ አያያዝ ደንብ አውጥታለች። በአውሮፓም ከጃኑዋሪ 1 ቀን 2020 ጀምሮ ፋብሪካዎች ስለሚሠሩት ናኖ ቅንጣት ለመንግሥት በዝርዝር እንዲያስታውቁ ታዟል። ሕግ ግን በጽሕፈት ቤት መደርደሪያ ላይ ሳይሆን በጤና ጣቢያው ጓሮ መታየት አለበት። ስለዚህ የሚከተለው ለማናቸውም ከተማ የሚጠቅም ነው።

አንደኛ፥ የመመርመሪያ ኪት በጨረታ የሚገዛ መሥሪያ ቤት ሻጩ በኪቱ ውስጥ ምን ዐይነት ማዕድን፥ ምን ዐይነትስ ኬሚካል እንዳለ በጽሑፍ እንዲያስታውቅ ያስገድደው። ወርቅ ያለበትና ካድሚየም ያለበት በአንድ ዐይን አይታዩም።

ሁለተኛ፥ የማስወገጃው ወጪ ከመግዣው ዋጋ ጋር አብሮ ይታሰብ። ኪት የተገዛበት በጀት ያገለገለውን ኪት የሚያስወግድ ገንዘብ ከሌለው፥ ዕዳው የተላለፈው ወደ ጐረቤት ጓሮና ወደ ሐይቁ ነው።

ሦስተኛ፥ በምርመራው ጠረጴዛ ላይ ሦስት መያዣ ይኑር፤ አንዱ የተወጋ መርፌ የሚገባበት የማይበሳ ሣጥን፥ ሁለተኛው ደም የነካውን የሚይዝ ቢጫ ከረጢት፥ ሦስተኛው የካርቶንና የማሸጊያ መያዣ ነው። ከጤና ድርጅት ከሚወጣው ቈሻሻ ከ100 እጅ 85 ያህሉ ከቤት ቈሻሻ የማይለይ ነው፤ አደገኛው 15 እጅ ብቻ ነው። ያልተለየ ቈሻሻ ግን ሁሉም አደገኛ ይሆናል፥ ወጪውም በዚያው ልክ ያድጋል። መለየት ገንዘብ የሚፈጅ ሳይሆን ገንዘብ የሚያድን ሥራ ነው።

አራተኛ፥ የቀረው የኪቱ ፈሳሽ በእጅ መታጠቢያ ወይም በጐዳና ቦይ አይፈስስ፤ ተሰብስቦ ለኬሚካል ቈሻሻ ኀላፊ ይሰጥ።

አምስተኛ፥ በየሰፈሩ ያለው ትንሽ ጤና ጣቢያ ሁሉ የራሱን ምድጃ ከሚሠራ፥ ብዙዎቹ ተባብረው አንድ በሚገባ የሚሠራ ማስወገጃ ቢኖራቸውና ማዘጋጃ ቤቱ በተወሰነ ቀን መኪና ቢልክ ይሻላል።

ስድስተኛ፥ በመድኀኒት ቤት ገዝቶ በቤቱ የሚመረምር ሰው ያገለገለውን ኪት ለልጆች መጫወቻ እንዳይተው፥ በጓሮም እንዳያቃጥል፥ አሽጎ ወደ መድኀኒት ቤቱ ወይም ወደ ጤና ጣቢያው እንዲመልስ ይነገረው። መድኀኒት ቤቱም ለመቀበል ፈቃደኛ ይሁን።

አንዳንድ ሹማምንት ለዚህ ሁሉ ገንዘብ የለም ብለው ይመልሱ ይሆናል። መልሱ በከፊል እውነት ነው፤ ግን ከላይ ከተዘረዘሩት ውስጥ የመጀመሪያው አንድ ገጽ ወረቀት፥ ሦስተኛው ሦስት መያዣ፥ አራተኛው አንድ ጀሪካን፥ ስድስተኛው የአንድ ደቂቃ ምክር ብቻ የሚጠይቁ ናቸው። ሌሎች ደግሞ ፈርተው፥ አደጋ ካለበት ምርመራው ይቅር ሊሉ ይችላሉ። ይህ ከመጀመሪያው የከፋ ስሕተት ነው። በሙላጎ ደጅ ራስ ምታት ይዞት የሚመጣው ሰው የሚጠብቀው ያችን ቀይ መስመር ነው፤ ለሐይቁ ታስቦ እርሱ እንዲሞት የሚፈርድ ሕሊና የለም። ሐይቁንም ሰውየውንም ማዳን የሚቻለው ምርመራውን በመተው ሳይሆን ትራፊውን በመጠበቅ ነው።

የአገራችን ሰው፥ «ሳይቃጠል በቅጠል» ይላል። የወርቁ ቅንጣት በዐይን የማትታይ ብትሆንም፥ እርስዋን የተሸከመው ፕላስቲክ፥ ደምና ኬሚካል በዐይን የሚታይ፥ በእጅም የሚያዝ ነው። ሐኪሙ በሽተኛውን በጊዜው እንዲያውቀው ቅንጣቷ እንደ ረዳችው ሁሉ፥ ሹሙም የከተማውን ሕመም ገና ምልክቱ ሲታይ ዐውቆ ቢጠነቀቅ፥ ነዋሪውም የድርሻውን ቢረዳ፥ ይህ አዲስ ጥበብ ለሕዝቡ ጥቅሙ ደርሶ ጕዳቱ ይርቃል። በሐይቅ ዳር ያሉ ከተሞች ሁሉ፥ ባሕር ዳርም ሐዋሳም ቢሆኑ፥ ከካምፓላ ኰረብታና ቦይ ይህን ትምህርት በጊዜው ሊወስዱ ይገባቸዋል።